ባዶ የመጣው ዓምድ

በዌልበርን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ መባቻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ፣ የጡረተኞችን የግብር ማስታወቂያ ያለ ክፍያ እንሞላለን። ኔልዳ ስትሮበል የመጣችው በማርች ወር የመጨረሻው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ዝናቡ ካፖርቷን አርሶታል፤ በብብቷ የያዘችው ወፍራም ፖስታ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ጠብታ አልነካውም።

«መምህር ሃስኬት፣ ዘንድሮ ወፍሬ ነው የመጣሁት። እንዳይደነግጡ» አለች ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«የወፈረው ፖስታው ነው። አንቺማ ተማሪ ሳለሽም እንዲሁ ነበርሽ። ተቀመጪ።»

ኔልዳ ሠላሳ አራት ዓመት የካውንቲው ሚዛን መርማሪ ነበረች። የሥጋ ቤቱን፣ የእህል መጋዘኑን፣ የነዳጅ ማደያውን መለኪያ ሁሉ በየዓመቱ ትፈትሻለች፤ ልክ የሆነውን በእርሳስ ብረት ማኅተም ታትማለች፤ የጎደለውን ትዘጋለች። የገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ለበዓል የሚሸጠውን ቋሊማ የሚመዝንበትን ሚዛን እንኳ ዘግታ ታውቃለች፤ ፓስተሩ ለሁለት ዓመት ሰላምታ ነፍጓታል። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው።

ያለፈው በጋ በመልበሪ ጎዳና ለሠላሳ አንድ ዓመት የተከራየችበት ቤት ባለቤት ሞተ፤ ወራሾቹም ቤቱን ለገበያ አወጡት። ኔልዳ አክስቷ ኦቲሊ ከስምንት ዓመት በፊት የሰጠቻትን የከተማውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ አክሲዮን በአንድ ቀን ውስጥ ጠቅልላ ሸጠች። መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር አወጣ። በገንዘቡ ቤቱን ገዛች፤ ለግብር ይሆናል ብላም አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ለይታ አስቀመጠች። ግምቷ የተሳሳተ አልነበረም፤ አክስቷ ለአክሲዮኑ ዕድሜዋን ሙሉ ከደመወዟ ስትከፍል ኖራለችና፣ ትርፉ ከሽያጩ ከግማሽ በታች እንደሚሆን አስባ ነበር።

ፖስታውን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ከለከልኳት።

«መክፈት አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ ቅጹን አክሲዮኑን ከሸጠው ደላላ ድርጅት በቀጥታ ይስበዋል። የሰው ጣት የሚሳሳተውን እርሱ አይሳሳትም።»

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የሆነውን የሚያነብ ሰው ይህን ቃል እንዲያስታውስልኝ እወዳለሁ።

የይለፍ ቃሏን ከቦርሳዋ ካወጣችው ካርድ ላይ እያየች በአንድ ጣት ጻፈች። ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር፣ ለእያንዳንዱ ግዢ አንድ፣ በዓይን ጥቅሻ ገባ። በስክሪኑ ቀኝ ማዕዘን ላይ ቀድሞ በአረንጓዴ «ተመላሽ 312 ዶላር» ይል የነበረው ጽሑፍ ቀላ። «የሚከፈል 31,600 ዶላር» አለ።

ኔልዳ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«የማን ነው ይሄ?»

«ያንቺ ነው።»

«እኔ ይህን ያህል ዶላር የለኝም።»

መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከትኩ። የተሸጠበት ዋጋ በእያንዳንዱ መስመር ተሞልቷል። የተገዛበት ዋጋ ግን ዓምዱ በሙሉ ባዶ ነው። ዓምዱ ባዶ ሲሆን ሶፍትዌሩ ዜሮ ብሎ ይቆጥረዋል፤ የሽያጩ ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ይህንኑ ነገርኳት።

«በነፃ ነው እኮ ያገኘሁት። አክስቴ ናት የሰጠችኝ።»

«በስጦታ የመጣ ነገር የሰጪው መግዣ ዋጋ አብሮት ይመጣል። አክስትሽ የከፈለችው አንቺ እንደከፈልሽው ነው የሚቆጠረው። ድሮ የተገዛ አክሲዮን ስለሆነ ደላላው ዋጋውን የመመዝገብ ግዴታ አልነበረበትም። ወረቀቷን አምጪና ይሞላል።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራ፣ ተማሪ ሳለች የማትችለው ጥያቄ ሲመጣ እንደምትሆነው፣ ግድግዳውን ታይ ጀመር።

«ኔልዳ፣ ወረቀቷ የት ነው?»

«አስፈጨሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቷ ወደ አረጋውያን ማቆያው ስትገባ ቤቷን ባዶ ያደረገችው ኔልዳ ናት። ኦቲሊ በፋብሪካው የደመወዝ ክፍል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ስለነበረች አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አትጥልም፤ የእያንዳንዱ ወር ደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ የእያንዳንዱ አክሲዮን ግዢ ደረሰኝ በዓመቱ ታስሮ በአሥራ አራት ሣጥን ተደርድሮ ነበር። እንግዲህ በእኛ አገር ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ፤ የግብር ወረቀት ሰባት ዓመት ይቀመጣል፣ ከዚያ በላይ የሆነው ሌባ ስም እንዳይሰርቅበት ይፈጫል። ባንኩ በየፀደዩ የወረቀት መፍጫ መኪና በመኪና ማቆሚያው ላይ ያቆማል። ሰው ሣጥኑን ጭኖ ይሰለፋል። ኔልዳም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ በጥንቃቄ ለይታ፣ አሥራ አራቱንም ሣጥን አስፈጨች።

«በመኪናው ጎን ትንሽ ስክሪን አለች» አለችኝ። «ወረቀቱ ሲፈጭ ያሳያል። ሌላው ሰው ጥሎ ይሄዳል፤ እኔ እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁ። እስክሪብቶና ዶናት ሰጡኝ። ደንብ አክብሬ ነው መምህር። ደንብ አክብሬ።»

በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅበት መንገድ እንዳለ ነገርኳት። ለቤቱ ጣሪያ ማደሻ ከባንክ የወሰደችው ብድር ወርሃዊ ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ ከጡረታዋ በወር የሚተርፋት ዘጠና ዶላር ነው። የጎደለው ሃያ ሺህ ስድስት መቶ ነው። ስሌቱን ሁለታችንም በልባችን ሠራነው። የሚሸጥ የቀራት ነገር ቤቱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት የድሮውን የባለአክሲዮን መዝገብ ወደሚይዘው ድርጅት ስልክ ደወልን። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማን። በመጨረሻ መስመሩ ላይ የመጣችው ሴት መዝገቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀድሞዎቹ ዓመታት ክፍል እንዳልደረሳቸው በትሕትና ነገረችንና መልካም ቀን ተመኘችልን። በማግሥቱ ኔልዳ በመኪናዋ ወደ አክስቷ ወሰደችኝ። ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነበር።

ኦቲሊ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የወረቀት መሐረቦችን እንደ ደመወዝ ፖስታ እያጠፈች ትደረድራለች።

«አክስት ኦቲ፣ የፋብሪካውን አክሲዮን በስንት ነበር የምትገዢው?»

«አንቺ የማን ነሽ?»

«የሃሮልድ ልጅ። ኔልዳ።»

«ሃሮልድ ልጅ የለውም። ገና ወታደር ቤት ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ሽማግሌ ባልሽ ነው? ሌላ ሰው አጣሽ?»

«አስተማሪዬ ናቸው።»

«እስካሁን አልተመረቅሽም?»

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ሳቋን ልትውጥ ዞር አለች። ኔልዳ ግን አልሳቀችም፤ ወንበሯን አስጠግታ ጥያቄዋን ደገመች።

«አሥራ አንድ ዶላር» አለች ኦቲሊ፣ ያለ ማመንታት። ኔልዳ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ስትጠየቅ «አርባ» አለች። ሦስተኛ ስትጠየቅ ተቆጣች። «አራት ዶላር። ከዚያ በላይ የሚከፍል ጅል ነው። አንቺ ከሠራተኛ ማኅበሩ ነሽ አይደል? ምን ያስጠይቅሻል?»

ልንሄድ ስንነሣ የኔልዳን እጅጌ ያዘች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ሰማንያ አምስት ሳንቲም ትሰጪኛለሽ፣ የአንድ ዶላር ወረቀት እሰጥሻለሁ። የወሩ መጀመሪያ ዓርብ ነይ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ የውጭ ሰው ይሰለፍብናል።»

አንዷን መሐረብ አጥፋ በኔልዳ እጅ አስያዘቻት። እኔ ከቀሩት ቁጥሮች ጋር ይህንንም ባዶ ወሬ አልኩት። ኔልዳ ደብተሯን ሳትከድን ቆየች።

ለዘጠኝ ቀን አላየኋትም። በኤፕሪል አሥር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ሟሽሿል። ከወራሾቹ አንዱ ቤቱን መልሶ ይገዛ እንደሆነ ጠይቃው፣ ከሸጠላት ሠላሳ ሺህ ዶላር አሳንሶ እንደሚወስደው ነግሯት ነበር።

ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፤ ሳልጠይቃት ቁልፎቹን ትመታ ጀመር። በመጀመሪያው ባዶ ሣጥን ውስጥ አርባ ዶላር በአክሲዮኑ ብዛት አባዝታ ጻፈች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። የቀላው ቁጥር ወረደ። ሶፍትዌሩ አንዳች አልተቃወመም፤ ምስክር አልጠየቀም።

«አዩት? እንዴት ያለ ሰው አማኝ ነው» አለች።

«አጥፊው።»

«ማን ያውቃል መምህር? ማንስ ይመጣል? መንግሥት የአክስቴን ደረሰኝ ሊፈልግ ዌልበርን ድረስ ይመጣል?»

«ያላወቅነውን አንጽፍም። የአክስትሽ አርባ ከአክስትሽ አራት በምን ይበልጣል? ለአንቺ ስለሚመች ብቻ ነው።»

«ለእኔ ስለሚመች!» ጮኸች፤ ወዲያውም አፏን በእጇ ያዘች። ላይብረሪያኗ ወይዘሮ ቤክማን ከደረጃው አናት አንገቷን አሰገገች። ኔልዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ለእኔ የሚመች ነገር ካየሁ ቆየሁ። እርስዎ ግን ዜሮውን አውቀውት ነው የሚጽፉት? ዜሮ መሆኑን ማን ነገረዎት? ይህ ስክሪን ነዋ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የሚዛን ፊት አይቼ አላመንኩም። የራሴን ድንጋይ ከሣጥኔ አውጥቼ ሳላስቀምጥበት ያተምኩት ሚዛን የለም። እርስዎ ምን አስቀመጡበት?»

ፖስታው እስከዚያች ሰዓት ድረስ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ፣ ያስቀመጠችበት ቦታ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ምክር ስሰጣት አጠገቤ ነበር፤ አልከፈትኩትም።

«ክፈቺው» አልኳት።

ስድሳ አንድ ገጽ ነው። እርሷ ወረቀቱን፣ እኔ ስክሪኑን ይዘን መስመር በመስመር እናመሳክር ጀመር። እርሷ ታነባለች፣ እኔ «ልክ» እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ከስክሪኑ ጋር አንድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ለግብር ቢሮው የማይላኩ፣ ለደንበኛው መረጃ ብቻ የተጨመሩ ገጾች ናቸው፤ ስለዚህም ሶፍትዌሩ አይስባቸውም። በሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ ኔልዳ ጣቷን አንድ ዓምድ ላይ አሳረፈች።

«ምንድን ነው?»

«እዚያ የተገዛበት ቀን ምን ይላል?»

«ልዩ ልዩ ይላል። ሁሉም ልዩ ልዩ ነው።»

«እዚህ ቀን አለው» አለች። «ኦክቶበር አምስት፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ። ኖቬምበር ሁለት። ዲሴምበር ሰባት። ሁሉም አለው።»

ዋጋ አልነበረም፤ ቀኑና የአክሲዮኑ ብዛት ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። ቀን ካለ ዋጋ ይገኛል። በእነዚያ ዓመታት የፋብሪካው አክሲዮን በአንዲት ትንሽ ገበያ ብቻ ይሸጥ ስለነበር በየትኛውም ትልቅ መዝገብ አይገኝም፤ የእኛ ከተማ ጋዜጣ ግን ግማሹ አንባቢ የፋብሪካው ሠራተኛ ስለሆነ ዋጋውን በየቀኑ በፊት ገጽ ከአየር ጠባዩ ሥር ያትም ነበር። የጋዜጣው ማይክሮፊልም፣ የድሮ እትሞቹ በትንንሹ የተቀረጹበት ፊልም፣ ከእኛ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ርቆ በብረት ካቢኔ ውስጥ ተቀምጧል። የግብር ማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን ማክሰኞ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እሑድ ዝግ ነው።

ፊልሙ የሚነበብበት ማሽን አንድ ብቻ ነበር። ሐሙስ እስኪዘጋ ድረስ የአርባ አንድ ቀን ዋጋ አገኘን። ዓርብ ስንመጣ ሦስት ሴቶች ተቀምጠውበታል፤ የዘር ሐረጋቸውን የሚያጠኑ ናቸው፤ ዓርብ የእነርሱ ቀን ነው።

«ተራችንን በጽሑፍ ይዘናል» አለች አንደኛዋ፣ ከፊልሙ ዓይኗን ሳታነሣ።

«ምን እየፈለጋችሁ ነው?» አለች ኔልዳ።

«ቅድመ አያቴ የሞተበትን ቀን።»

«እስከ ማክሰኞ ይጠብቅሻል። የትም አይሄድም። እኔ ግን ከቤቴ ልወጣ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ የወንድሜን የነዳጅ ማደያ የዘጋሽው አይደለሽም?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሌባ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ ቦርሳዋን አንሥታም ከወንበሩ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ ዓይኔ ያቃጥለኛል። ኔልዳ ፊልሙን ታሽከረክራለች፤ የወሩን መጀመሪያ ዓርብ ታቆማለች፤ «አሥራ ዘጠኝ ዶላር ከሦስት ስምንተኛ» ትላለች፤ እኔ እጽፋለሁ። የተቧጠጠ ገጽ ሲያጋጥም ግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ሲዘጋ ሰማንያ ሦስት ቀርቶን ነበር። ወይዘሮ ቤክማን ቁልፉን በእጇ ይዛ «አዝናለሁ» አለች፤ ኔልዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሰኞ አንድ ጊዜ አምፖሉ ተቃጠለ፤ መለዋወጫ ከጎረቤት ከተማ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ቆመን ጠበቅን። ማክሰኞ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዋጋ በመጨረሻው ሣጥን ጻፍኩ።

የመግዣው ድምር መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር። በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለው ቁጥር «የሚከፈል 10,800 ዶላር» አለ።

ያስቀመጠችው አሥራ አንድ ሺህ ነው። መቶ ጊዜ ይህን ቁጥር አይቶ የማይጠግብ ሰው እንደሚያየው አየሁት። ወደ እርሷ ዞርኩ። ኔልዳ ስክሪኑን አታይም ነበር፤ ከቦርሳዋ የታጠፈች የወረቀት መሐረብ አውጥታ በጣቶቿ ታሻሽ ነበር።

«ሰማንያ አምስት ሳንቲም» አለች።

ወዲያው ገባኝ፤ ያልገባኝ መሰልኩ። «ምን አልሽ?»

«በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ አለች፤ ቀኖቹ ሁሉ የወሩ መጀመሪያ ዓርብ ናቸው። ሰማንያ አምስት ሳንቲም ትሰጪኛለሽም አለች። ሠራተኛ በቅናሽ ነበር የሚገዛው መምህር። አሥራ አምስት በመቶ።»

«ኔልዳ፣ ያቺ ሴት ወንድሟ ወታደር ቤት ነው ያለች ናት። በአንድ አፍታ ሦስት ዋጋ ነግራሻለች። የእርሷን ቃል ማስረጃ ልታደርጊው ነው?»

«በመጀመሪያው ጊዜ የእርሷን ቃል ማስረጃ አታድርጊ ብለው የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ልክ ነበሩ። አሁን የፈሩ ይመስለኛል።»

ፈርቼ ነበር። ያላወቅነውን አንጽፍም ያልኩት ሰው፣ የማላውቀው ነገር እንዳይገለጥ ፈርቼ ነበር። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው። የ1979ኙን ፊልም መልሳ አወጣችው። ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ያሉትን የሴፕቴምበር ወር ጋዜጦች ገጽ በገጽ አሳለፈች። በሃያ አንደኛው ቀን እትም፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ፋብሪካው ሠራተኞቹ ከገበያው ዋጋ በአሥራ አምስት በመቶ ቅናሽ አክሲዮን የሚገዙበትን ዕቅድ እንደጀመረ የሚገልጽ አጭር ዜና ነበር።

ገጹን አተመችው፤ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው።

ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ሣጥን እንደገና ስንሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እርሷ ታሰላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በእያንዳንዱ ሣጥን የመግዣው ዋጋ ሲያንስ የሚከፈለው ቁጥር በጥቂቱ ይወጣል። አሥራ አንድ ሺህን ያለፈው ከአሥራ አምስተኛው መስመር በኋላ ነው። እዚያ ላይ እጄ ቆመ፤ እርሷ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች። በመጨረሻ «የሚከፈል 13,900 ዶላር» ብሎ ቆመ። የጎደላት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። በወር ሃምሳ አምስት ዶላር እየከፈለች ለመጨረስ አመለከትን።

ማስታወቂያውን በራሷ እጅ ላከችው። ሶፍትዌሩ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ በስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት አዘነበ። ኔልዳ እስኪያበቃ ድረስ ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

ስድሳ አንዱን ገጽና ከማይክሮፊልም የታተሙትን ሁሉ በሣጥን ከተትን። መኪናዋ ድረስ ተሸከምኩላት።

«ስንት ዓመት ላስቀምጠው?» አለችኝ።

የለመድኩት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። «እኔን አትጠይቂ።»

ሣጥኑን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጋ በቀበቶ አሰረችው። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ እንደገና ሊዘንብ ነበር።

«በወር ሠላሳ አምስት ዶላር ይቀረኛል» አለች። «ጣሪያው ዘንድሮ ባያፈስ ጥሩ ነበር።»

ሞተሩን አስነሣች፤ ወደ መልበሪ ጎዳና ታጠፈች።